እግሩ ሳይቀዘቅዝ

ከሚሴ በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ የተሠራች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ መሃል ለመሃል ያልፍባታል። ሲሚንቶ የጫነው ተሳቢ፣ የሕዝብ ማመላለሻው፣ ጫት ይዞ የሚከንፈው አይሱዙ፣ ባጃጁ፣ ከጨፋ ሜዳ ወደ ገበያ የሚነዳው ከብት፣ ሦስት ሰው ያፈናጠጠው ሞተር ብስክሌት፣ ሁሉም በዚያች አንድ መስመር ይጋፋሉ። አገሩ ቆላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ጥላ ለጥላ ይላል፤ መንገዱ ግን አያርፍም።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ወጣት እናስብ። ስም አንሰጠውም፤ የአንድ ሰው ብቻ ታሪክ አይደለምና። ድንገተኛ ክፍል ሲያድር የኖረ ሐኪም ግን መልኩን ያውቀዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከደዋ ጨፋ ገጠር ወደ ከተማ ሲመጣ ሞተሩ ከመኪና ጋር ይጋጫል። ጉልበቱ ወደ ኋላ ይታጠፍና ይወልቃል፤ ሰዎች አንስተው ባጃጅ ላይ ሲያስቀምጡት ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ሆስፒታል ይደርሳል፣ ካርድ ይወጣለታል፣ ራጅ ይነሣል። ፊልሙ ላይ ስብራት የለም። አንድ ዘመዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አብሽር! አጥንትህ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይለዋል።

ቁስሉ ትንሽ ነው። ደም አይፈስም። ወደ ቤት ቢላክ ማንም አይገረምም። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ነጣ ብሏል፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ጣቶችህን አንቀሳቅስ ሲሉት ይከብደዋል።

ከቋንጃ ሥር የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ከጉልበት በላይና በታች ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ የተያዘ ነው። ጉልበት ሲወልቅ የሚሸሽበት ስለሌለው ይለጠጣል፤ የውስጠኛው ሽፋኑ ይቀደዳል፤ በተቀደደው ላይ ደም ይረጋና መተላለፊያው ይደፈናል። ከውጭ የሚታይ የለም፤ ራጅም አያሳየውም። ጡንቻና ነርቭ ያለ ደም የሚታገሡት በግምት ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከእግሩ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል። ከከሚሴ አዲስ አበባ ደግሞ 325 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተቀደደ ደም ሥር መጠገንን ዋና ሥራው ያደረገ ሐኪም በብዛት የሚገኘውም እዚያ ነው።

በሆስፒታል ኮሪደር «ቫስኩላር ሰርጀን» ይሉታል፤ በወረቀት ላይ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም። የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ፣ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምናን ተምሮ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ዓመታት ወስዶ በደም ቅዳና በደም መልስ ላይ ብቻ የሠለጠነ ሰው ነው። ልብና የራስ ቅል ውስጥ ያለው የሌላ ባለሙያ ድርሻ ሲሆን አንገት ላይ ያለው፣ ሆድ ውስጥ በአከርካሪ ፊት የሚወርደው፣ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄደው ሁሉ የእርሱ ነው። ብዙ ሰው ቀዶ ሐኪም ሲባል ቢላዋ ብቻ ይታየዋል። የዚህኛው ቀን ግን አብዛኛው የሚያልፈው እግር በመዳበስ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መጠን በማስተካከል፣ «ሲጋራውን ተው» በማለትና ቢላዋ እንደማያስፈልግ በመወሰን ነው። ሌላ ቀዶ ሐኪም ዕጢ ሲያወጣ ዕጢው ትልቅ ደም ሥር ላይ ተጠምጥሞ ቢያገኘው፣ ወይም ደም ድንገት ቢያመልጠው፣ በር አንኳኩቶ የሚጠራው እርሱን ነው። እንዲህ ያለው ጥሪ በመዝገብ ላይ በስሙ አይጻፍለትም።

ከጥልፍ ሠሪዋ እስከ ቃኘው ዘመን

የተቆረጠ ደም ሥር መልሶ መስፋት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ራሱ ገና ከመቶ ዓመት ብዙም አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወጉ። ጩቤው ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቅ ደም መልስ ቆርጦት ነበር። የከተማይቱ አንጋፋ ሐኪሞች ተሰበሰቡ፤ መስፋት ግን የሚችል አልነበረምና ፕሬዚዳንቱ ደማቸው ፈሶ አለፉ። በዚያች ከተማ ሕክምና ይማር የነበረው አሌክሲስ ካሬል ነገሩ ከነከነው። ወደ አንዲት የታወቀች ጥልፍ ሠሪ ዘንድ ሄዶ በቀጭን መርፌና በሐር ክር መስፋት ተማረ። በ1902 ያሳተመው ዘዴ ቀላል ነበር። የተቆረጠውን ክብ አፍ በሦስት ቦታ በክር ይዞ ወደ ሦስት ማዕዘን መለጠጥ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ጠርዙን ተከትሎ መስፋት። በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ያው ሰው በኋለኛው ዘመኑ ከባድ ወንጀለኞችና ወንጀል የፈጸሙ የአእምሮ ሕሙማን በጋዝ እንዲገደሉ የሚመክር መጽሐፍ ጽፏል። የኖቤል ተሸላሚ የጻፈውን ሁሉ ማክበር ግዴታ አይደለም፤ ስፌቱን ግን ዛሬም ደም ሥር የሚሰፋ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል።

ስፌቱ ከመታወቁ እስከ ጦር ሜዳ መድረሱ ደግሞ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ደም ቅዳው በጥይት ሲበጠስ ትእዛዙ ቋጥሮ ማሰር ነበር፤ ሕይወት ትተርፋለች፣ እግር ግን ብዙ ጊዜ ይቆረጣል። ደም ቅዳቸው ከታሰረባቸው መካከል 49 ከመቶ ያህሉ እግራቸውን ወይም እጃቸውን አጥተዋል። በኮሪያ ጦርነት ወጣት የጦር ሐኪሞች ቋጥሮ ማሰሩን ትተው መስፋት ጀመሩ፤ ቁስለኛውም በሄሊኮፕተር ይደርስላቸው ነበር። የሚቆረጠው ወደ 13 ከመቶ ወረደ። እኛም በዚያ ጦርነት ነበርን። የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ሲዋጋ፣ የዘመኑ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና እዚያው ሜዳ ላይ እየተወለደ ነበር። ኮሪያውያን ውለታውን አልረሱም፤ አዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ ያለውን፣ ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለውን፣ በ1997 ዓ.ም. ከፍተዋል።

ከኮሪያው ቁጥር ውስጥ ለከሚሴ የሚጠቅመው ሄሊኮፕተሩ ነው። እግሮቹ የተረፉት ስፌት ስለታወቀ ብቻ አልነበረም፤ ቁስለኛው እግሩ ሳይሞት ከሰፊው ፊት ስለደረሰ ጭምር ነው። ስፌቱ አዲስ አበባ አለ። ከሚሴ ላይ የጎደለው ሰዓት ነው።

ወደ ላይ የሚሄደው ወረቀት

የአገራችን የጤና አሠራር ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግሉ የታሰቡ ናቸው። ከባቲ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ ወይም ከደዌ ሀረዋ የመጣ ሕመምተኛ ከጤና ጣቢያ ይነሣና ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነ መሰላሉን እንዲዘል አይፈቀድለትም፤ ቢዘል ከኪሱ ይከፍላል። ለጨጓራ፣ ለሪህ፣ ለቆዳ ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው። ለተደፈነ ደም ቅዳ ግን እያንዳንዱ እርከን አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይበላል። ካርድ፣ ወረፋ፣ ምርመራ፣ ማኅተም፣ አምቡላንስ፣ የነዳጅ ወረቀት።

ከከሚሴ ወደ ሰሜን ሐርቡን አልፎ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ በጠቅላላው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የወሎ ሕዝብ ትልቁ ተስፋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎ እንደነበር ይታወሳል፤ አንድ ሆስፒታል ሲዘረፍ አልጋና ፍራሹ ቶሎ ይተካል፣ በዓመታት የተሰባሰበው መሣሪያ ግን አይተካም። ወደ ደቡብ ደግሞ አጣዬን፣ ሰንበቴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ደብረ ሲናንና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። እዚያ ያለው ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢውን በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ሰይሞታል። ኤድንብራ ተምረው የመጡት ፕሮፌሰር አሥራት ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች በአገራቸው እንዲሠለጥኑ መሠረት ከጣሉት አንዱ ናቸው። መንገዱ የሚያበቃው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አካሂዷል። ንቅለ ተከላ ሲባል ስለ ኩላሊቱ ብዙ ይወራል፤ ሥራው ግን በመሠረቱ የደም ሥር ስፌት ነው። አዲሱ ኩላሊት ብሽሽት አጠገብ ይቀመጥና ደም ቅዳው ከደም ቅዳ፣ ደም መልሱ ከደም መልስ ጋር ይሰፋል። መያዣው ሲለቀቅ የገረጣው ኩላሊት በደቂቃ ውስጥ ይቀላል። ኩላሊት ያልተተከለለትና እጥበት ላይ ያለው ሰውም የዚሁ ባለሙያ እጅ ያስፈልገዋል። የእጅ አንጓ ላይ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር አገናኝቶ ፊስቱላ ካልሠራለት መርፌው በየሳምንቱ የሚገባበት አስተማማኝ ቦታ አይኖርም። ፊስቱላው ሳምንታት ቆይቶ ሲጎለምስ እጅ ሲያስቀምጡበት እንደ ንብ መንጋ ይነዝራል። በዚያ እጅ ደም ግፊት አይለካም፣ ጀሪካን አይነሣም፣ ደም አይቀዳም። ይህን የማታውቅ አንዲት ነርስ የብዙ ወር ልፋትን በአንድ ማሰሪያ ልታበላሸው ትችላለች።

ከሚሴ ላይ የሚጀመር ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የላንሴት የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2030 ከሕዝቡ 80 ከመቶው አስፈላጊ ቀዶ ሕክምና በሁለት ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት ብሎ ነበር። የአንድ ሆስፒታል አቅም የሚለካባቸው ሥራዎች ብሎ የመረጠው ሦስት ነው። በቀዶ ማዋለድ፣ ሆድ መክፈትና ቆዳ ሰንጥቆ የወጣ ስብራትን ማከም። ደም ሥር መጠገን አልተካተተም፤ ተገቢም ነው፣ በየወረዳው የሚገኝ ሙያ አይደለምና። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ከሚሴ ላይ ምንም አይደረግም፣ ሪፈር ጻፍለት» ማለት ስሕተት ይመስለኛል። ደም ሥር ሐኪሙ የሚያድነው እግር ብዙውን ጊዜ የዳነው ወይም የጠፋው እርሱ ሳያየው ነው።

መጀመሪያ ጣት። ከእግር አውራ ጣትና ከቀጣዩ ጣት መሃል ተነሥተው በእግሩ የላይ ገጽ ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወጡ አንድ ትርታ አለ፤ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ሌላ አለ። ሁለቱም ከደህናው እግር ጋር ተነጻጽረው መዳበስ አለባቸው። ማሽን አያስፈልግም፣ መብራት አያስፈልግም፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ጉልበቱ የወለቀው ወጣት ራጅ ከመነሣቱ በፊት ይህ ቢደረግለት የሚባክነው ጊዜ ያንስ ነበር። የሐኪም ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ስድስት ምልክቶችን ይሸመድዳሉ፤ በእኛ አገርኛ ሕመም፣ መንጣት፣ ትርታ ማጣት፣ መደንዘዝ፣ አልንቀሳቀስ ማለትና መቀዝቀዝ ናቸው። አልንቀሳቀስ ማለት ላይ የደረሰ እግር ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ቀጥሎ ባት። ደም የተቋረጠበት ወይም የተቀጠቀጠ ባት ሲያብጥ፣ ጡንቻውን የሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን አይለጠጥለትም፤ ውስጡ ይገተርና የቀረውን ጥቂት ደምም ያንቀዋል። መፍትሔው ከግራም ከቀኝም ባቱን በረዥሙ ሰንጥቆ ማስተንፈስ ነው። ለዓይን ያስፈራል። ዘመድ «ጨርሰው ገደሉት» ሊል ይችላል። ግን ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ይሠራዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው በየገጠሩ ሆስፒታል የተመደቡት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችም ሊሠለጥኑበት የሚገባ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ያነሰ ወሬ የሚወራለት ነው። የተቆረጠው ደም ቅዳ ሁለት አፎች መካከል ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ በክር ማሰር። ሻንት ይባላል። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የሜዳ ሐኪሞች እየተጠቀሙበት ቁስለኛውን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ልከዋል። ደሙ በቱቦው ውስጥ እያለፈ እግሩ ሞቆ ይጓዛል፤ ስፌቱን ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ፣ ከሰዓታት በኋላ ይሠራዋል። የተዘጋጀው ዕቃ ከሌለ ከግሉኮስ መስመር የተቆረጠ ንጹሕ ቱቦ ለዚህ ውሏል። ስድስቱን ሰዓት የሚያራዝም ነገር ይኸው ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪና ቢዘገይ እንኳ እግሩ ይጠብቃል።

አዲስ አበባ ሲደርስ ሐኪሙ ከደህናው እግር፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ብሽሽት ከሚወጣው ረዥም ደም መልስ ቁራጭ ይወስዳል፤ ገልብጦ ይሰፋዋል። የሚገለብጠው ደም መልስ ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች ስላሉ ነው፤ ሳይገለበጥ ቢሰፋ በሮቹ መንገዱን ይዘጉታል። ዘግይቶ የደረሰ እግር ላይ ግን ሐኪሙ አንዳንዴ አልሰፋም ይላል። የሞተ ጡንቻ ላይ ደም ቢለቀቅ በውስጡ የተጠራቀመው መርዝ ተመልሶ ኩላሊትንና ልብን ይመታል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ሐኪሙ የሰነፈ ይመስለዋል።

የወጌሻው ማሰሪያ

በወሎም በሸዋም አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ብዙዎቹ በእጃቸው የተካኑ፣ በሠፈሩ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ክፍያቸውም እንደ አቅም ነው። አደጋው የሚመጣው ከማሰሪያው ነው። በቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ጠፍረው ያስሩታል፤ የተሰበረ እጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማበጡ አይቀርም። ሲያብጥ ማሰሪያው ያንቀዋል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ «ስብራት ነው፣ ያማል» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ማልቀሱን ያቆማል፤ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ዝም ያለው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያው የአጥንትና መገጣጠሚያ መጽሔት ላይ እንደጻፉት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር ቀንሷል። ያ ሥልጠና ወጌሻነትን የሚከለክል አልነበረም፤ አላልተው እንዲያስሩ፣ የጣቶቹን ቀለምና ሙቀት እንዲያዩ፣ ሕመሙ ከበረታ እንዲፈቱና እንዲልኩ የሚያስተምር ነበር። እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ነገር ከታተመ ከሃያ ዓመት በኋላም በየዞኑ መደበኛ ሥራ አለመሆኑ ነው። የሰንበቴ ወይም የባቲ ገበያ ቀን ጥሩ አዳራሽ ነው። ሰኞ ባቲ የማይመጣ ሰው የለም፤ ወጌሻውም ይመጣል።

ቀስ ብሎ የሚዘጋ

አደጋ ድንገት ይመታል። የደም ሥር ሐኪሙን ክሊኒክ የሚያጨናንቀው ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ ስኳርም ከፊተኞቹ ነው። ስኳር ደም ሥርን ከውስጥ ያጠባል፣ ነርቭን ደግሞ ያደነዝዛል። እግሩ የማይሰማው ሰው በበረባሶው ውስጥ የገባ እሾህ ይዞ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ይውላል። ስሜት ያጣ እግር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቆስል ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር በኖረባቸው ዘመናት ሲያየው የኖረ ነገር ነው። የስኳሩ ሕመምተኛ ላይ ግን ሁለተኛ ችግር ይደረባል፤ ቁስሉን የሚያድን ደም አይደርሰውም። ማርና ቅጠል ያሥሩበታል፣ ጸበል ወይም ዱዓ ይሞከራል፣ አንቲባዮቲክ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ጣቱ ሲጠቁር ሪፈር ይጻፋል።

መለኪያው ውድ አይደለም። በክንድ የሚለካውን ደም ግፊት በቁርጭምጭሚትም ላይ ለክቶ የቁርጭምጭሚቱን ለክንዱ ማካፈል ነው፤ ከ0.9 በታች ከሆነ ወደ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ጠቧል። የሚያስፈልገው የተለመደው የግፊት መለኪያና የደምን ድምፅ የሚያሰማ በእጅ የሚያዝ ዶፕለር ነው። ስኳር ደም ሥርን አድርቆ ሲያጠነክረው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊያታልል ይችላልና ጣት መዳበስን አይተካም። ጠባቡ ከታወቀ በኋላ ደም ሥር ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከላይና ከታች ሰፍቶ አዲስ መተላለፊያ መሥራት ነው። ሁለተኛውን የጀመረው ቀዶ ሐኪም አልነበረም። የራጅ ሐኪሙ ቻርልስ ዶተር በጥር 1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ፖርትላንድ የአንዲት የ82 ዓመት ሴት እግር «ይቆረጥ» ሲባል እርሷ እምቢ ስላለች በቀጭን ሽቦና ቱቦ ጠባቡን ከውስጥ ከፈተው። ቀዶ ሐኪሞች ሳቁበት። ዛሬ ከእነርሱ ብዙዎቹ ከቢላዋው ይልቅ በሽቦው ይውላሉ።

ከሚሴ ላይ ደግሞ አንድ ጥሩ ዕድል አለ። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ለሰላት ውዱእ ያደርጋል፣ እግሩን በቀን እስከ አምስት ጊዜ ያጥባል። በጣቶቹ መሃል ጣቱን አስገብቶ ያጸዳል፤ መስጊድ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። ለስኳር ሕመምተኛ በየቀኑ እግርህን ተመልከት የሚለው ምክር እዚህ አዲስ ልማድ አይጠይቅም። ውዱእ ሲያደርግ ተረከዙን አገላብጦ ቢያይ፣ ከታጠበ በኋላ የጣቶቹን መሃል ቢያደርቅ፣ ዓይኑ ከደከመ ልጁን «እስኪ እየኝ» ቢል ይበቃል። ይህን በነጭ ጋወን ከሚናገረው ሐኪም ይልቅ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኢማሙ ቢናገረው የሚሰማው ይበዛል።

ወጣት ላይ የሚደርስ ሌላ መንገድም አለ፤ ከጉሮሮ የሚነሣ። በልጅነት በፔኒሲሊን ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን በር ይጎዳል። ከዓመታት በኋላ ልቡ ሥርዓቱን ሲያጣ ውስጡ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነሥቶ ይሄዳል። ወደ ራስ ከሄደ ሽባነት ነው፤ ወደ እግር ከሄደ ደህና ያደረች ሴት ጠዋት እግሯ ቀዝቅዞ ትነሣለች። «ምች ነው» ወይም «መጋኛ መታት» ይባልና ቀኑ ይመሻል። ቶማስ ፎጋርቲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቱቦ ለዚህ ነው። ብሽሽት ላይ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፣ የረጋውን ያልፋል፣ ፊኛው ይነፋል፣ ጎትቶ ያወጣዋል። በጊዜ ከተደረሰ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። አራስ ላይ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም ግን ነገሩ የደም መልስ መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው መርፌና እንክብል ነው፣ ቢላዋ አይነካትም። እግሯን ማሸት ግን አደገኛ ነው፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

የሚቆረጠው የት ላይ ነው

ይህ ሁሉ ሆኖም የማይድን እግር አለ። እዚህ ላይ የደም ሥር ሐኪሙ ሥራ ያበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ከባዱ ያኔ ነው። አባት ታመዋል፣ ልጆች ተሰብስበዋል፣ አጎት ከባቲ ተጠርቷል። «ጌታው፣ እግሬን ይዤ ወደ ቀብሬ ልሂድ» ይላሉ ሽማግሌው። ሐኪሙ «አባቴ፣ እግሩ ሞቷል፤ እርስዎ ግን አልሞቱም» ይላቸዋል፤ ከዚያ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። ዘመድ ይመክራል። የተቆረጠው እግር እንዲሰጣቸውና እንዲቀብሩት ይጠይቃሉ፤ ሆስፒታሉ ይህን ማክበሩ ፊርማውን ያቀለዋል። ያልተመከረበት ፊርማ ሌሊት አልጋ ባዶ ያስቀራል፤ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ተወስዷል።

የሚቆረጥበትን ቦታ የሚወስነው ደሙ ነው። ከጉልበት በታች ደም ከደረሰ ጉልበቱ ይተርፋል፤ ጉልበት ያለው ሰው ሰው ሠራሽ እግር ለብሶ ዳገት ይወጣል፣ ከብት ይነዳል። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ አረጋዊ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያወጣው ጉልበት ብዙ ስለሆነ ብዙዎቹ ክራንቻ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ እግሩ እንደማይተርፍ እየታወቀም የጠበበውን ደም ሥር መክፈት ትርጉም አለው፤ አንድ ጉልበት ያተርፋልና። ሰው ሠራሹን እግር ደሴ ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይሠራዋል፤ ጉቶው ሲቀጥን ተመልሶ መስተካከል ስላለበት የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም።

ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው እግር አለ። በሽታው መጀመሪያም በሁለቱም ላይ ነበር፤ አሁን ክብደቱ ሁሉ በአንዱ ላይ ወድቋል። ቀጠሮው ሲደርስ ጉቶው ይታያል፣ ከዚያ የደህናው እግር ጫማ ይወልቃል፤ ትርታው ይዳበሳል፣ የጣቶቹ መሃል ይታያል፣ በቀጭን ናይሎን ክር ስሜቱ ይፈተናል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ ከከሚሴ ደሴ ደርሶ መልስ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአስታማሚ ጋር። ይህን ምርመራ ከሚሴ ላይ ወይም ባቲ ላይ ያለች አንዲት የሠለጠነች ነርስ ልትሠራው ትችላለች። ያን ጊዜ ሰውየው የሁለት ሰው መሳፈሪያውን ለሰፊና ለስላሳ ጫማ ያውለዋል።